«ዲኤንኤው ተገጣጠመ» ሲሏችሁ ምን ብላችሁ ትጠይቃላችሁ

ባለፈው ልደታ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ማኪያቶ እየጠጣን ነበር፣ ጠበቃው ጓደኛዬ ቀጠሮው ለከሰዓት ተዛውሮበት ስልኩን የስኳር ዕቃው ላይ ደግፎ ዩቲዩብ ላይ የአሜሪካ የዱሮ ግድያ ታሪክ ያያል፣ ተራኪው በዛ በሚያስፈራ ድምፁ «ከ30 ዓመት በኋላ ዲኤንኤው ተገጣጠመ!» ሲል ጓደኛዬ ጠረጴዛውን መታና «አለቀ፣ ዲኤንኤ አይዋሽም» አለ። እኔ ደግሞ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ተምሬ የተወሰነ ዓመት ላብራቶሪ ውስጥ ፒሲአር (ዲኤንኤ የሚያባዛ ዘዴ) ስሠራ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ዝም ማለት አቃተኝ፣ እሺ አይዋሽም ግን የተጠየቀውን ብቻ ነው የሚመልሰው፣ እሱም የተጠየቀው «ይሄ የማን ሴል ነው» ነው እንጂ «ማን ገደለ» አይደለም አልኩት። ሁለት ሰዓት ተከራከርን። ያኔ ያልኩትን ነው እዚህ ትንሽ ሰብሰብ አድርጌ የምጽፈው፣ የዱሮ ግድያ ታሪክ ለምትከታተሉ፣ ሕግ ለምትማሩ፣ ወይም እግዜር አያድርገውና ቤታችሁ ውስጥ ያልተፈታ ነገር ላለባችሁ፣ «ዲኤንኤ ተገኘ» ስትባሉ ምን ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁ። (ዓመቶቹ በኛ ነው ካላልኩ በፈረንጅ ናቸው።)

መጀመሪያ ላብራቶሪው የሚያነበው ምን እንደሆነ ይግባችሁ። ሙሉ ዲኤንኤያችሁን አያነብም። ልክ እንደ ዘፈን አዝማች አንድ አጭር የፊደል ሰንሰለት የሚደጋገምባቸው ቦታዎች አሉ፣ አንዱ ሰው ጋ 9 ጊዜ ይደጋገማል ሌላው ጋ 14 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ቦታ ሁለት ቁጥር አላችሁ፣ አንዱ ከአባት አንዱ ከእናት። አሜሪካኖቹ ለመረጃ ቋታቸው መጀመሪያ 13 ቦታ ነበር የሚቆጥሩት፣ ከ2017 ጀምሮ 20 አድርገውታል። ስለዚህ «ፕሮፋይል» የሚሉት ነገር በቃ የቁጥር ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ሙሉ ከሆነና ከአንድ ሰው ብቻ የመጣ ከሆነ በጣም በጣም ጠንካራ ነገር ነው፣ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ችግሩ የዱሮ ግድያ ላይ ዝርዝሩ ሙሉም ከአንድ ሰው ብቻም ሆኖ የሚገኘው ሁልጊዜ አይደለም።

እና የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ከምንድነው የተገኘው? የትስ ነው የነበረው? ደም፣ የወንድ ዘር፣ ምራቅ፣ ስር ያለው ፀጉር አንድ ነገር ነው፣ «የተነካ ነገር ላይ የተገኘ» ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ይሄን የሚያሳይ የቴክሳሱን የማይክል ሞርተንን ታሪክ ነው የምወደው። ሚስቱ በ1986 ቤታቸው ውስጥ ተገደለች፣ በ1987 አንተ ነህ ተብሎ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፣ ወደ 25 ዓመት ታሰረ። ያኔ ከቤቱ 100 ሜትር ያህል ራቅ ብሎ አንድ ባንዳና (ራስ ላይ የሚታሰር ሻሽ) ተገኝቶ ነበር፣ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረው፣ በ2011 ሲመረመር የሟቿ ደምና የማይታወቅ ሰው ዲኤንኤ አንድ ላይ ወጣ፣ ሰውየው ሲገኝ ደግሞ በ1988 እዛው አካባቢ ከተገደለች ሌላ ሴት ጋርም የሚያገናኝ ማስረጃ ተገኘበት። እዚህ ጋ ቆም ብላችሁ እዩት፣ ባንዳናው ጠንካራ የሆነው ዲኤንኤ ስላለበት ብቻ አይደለም፣ የሟች ደም አብሮ ስላለበት ነው፣ ባለቤቱ እዛ የሚገኝበት ምንም ሰበብ ስለሌለው ነው፣ ሌላ ግድያም ስላለ ነው። ሞርተን ተፈታ፣ ያኛው ሰውዬ በ2013 ተፈረደበት። ደም ሳይሆን ከንክኪ የመጣ የሟቿ ዲኤንኤ የባሏ ሸሚዝ ላይ ቢገኝ ኖሮ ምን ይነግረናል? ምንም፣ ባሏ ነው እኮ፣ አንድ ቤት ነው የሚኖሩት።

ቀጥሎ፣ እዛ እንዴት ደረሰ? ይሄኛውን ጓደኛዬ ጨርሶ ሊቀበለኝ አልቻለም ነበር። እንዲህ አልኩት፣ ጠዋት ከፒያሳ በሚኒባስ ነው የመጣኸው፣ ረዳቱ መልስ ሰጥቶሃል፣ ያቺ የላበች 10 ብር ላይ የስንት ሰው ቆዳ አለ? ብሩን ነክተህ መጥተህ የኔን እጅ ጨበጥክ፣ እኔ ይሄን ቢላ ባነሳ የረዳቱ ሴል ቢላው ላይ ሊገኝ ይችላል፣ ረዳቱ ግን ይሄን ቡና ቤት አይቶት አያውቅም። ጉርሻማ ተዉት፣ ጎራሽና አጉራሽ ስንት ነገር ነው የሚለዋወጡት። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ በ2012 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳን ሆዜ አጠገብ አንድ ሀብታም ሰው ቤቱ ውስጥ ተገደለ፣ ጥፍሩ ላይ የአንድ ጎዳና ተዳዳሪ ዲኤንኤ ተገኘ፣ ሰውየው ታሰረ፣ የሞት ፍርድ ሊያስከትል በሚችል ክስ ከአምስት ወር በላይ እስር ቤት ተቀመጠ። በኋላ ጠበቆቹ ሲያጣሩ ለካ ያን ሌሊት ሰክሮ ወድቆ ሆስፒታል ነው ያደረው፣ መዝገብ አለ። እሱን ያነሱት የአምቡላንስ ሠራተኞች ናቸው ከሰዓታት በኋላ ሟቹ ቤት የተጠሩት፣ ጣት ላይ በሚሰካው መለኪያ ይሁን በልብሳቸው ብቻ ይዘውለት ሄደዋል። የሆስፒታል መዝገብ ባይኖርስ? ከ20 ዓመት በኋላ ቢሆንስ የተያዘው? በዛ ሌሊት የት ነበርክ ቢሉት ምን ብሎ ነው የሚመልሰው። የዱሮ ጉዳይ ላይ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው፣ ዲኤንኤው ተቀምጦ ይቆያል፣ ነፃ የሚያወጣው ምስክርና መዝገብ ግን ይጠፋል።

አቀማመጡንም ጠይቁ። ዕቃው ባለፉት 20 እና 30 ዓመታት የት ነበር፣ ማን ከፈተው፣ ማን ነካው፣ ከተጠርጣሪው ዕቃ ጋር አንድ ካርቶን ውስጥ ተቀምጦ ነበር ወይ። ከ1980ዎቹ አጋማሽ በፊት ዲኤንኤ የሚባል ምርመራ ለወንጀል ስላልነበረ ፖሊሱም ዳኛውም ጠበቃውም በባዶ እጁ ነበር የሚያገላብጠው፣ ልብሱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሰው በላዩ እያወራ፣ እያስነጠሰ። ሙቀት፣ ፀሐይና እርጥበት ደግሞ ዲኤንኤን ይበጣጥሱታል፣ በተለይ እርጥበት፣ ደም ያለበት እርጥብ ልብስ ፌስታል ውስጥ ታስሮ ከተቀመጠ ይሻግታል፣ ባክቴሪያው ይበላዋል። ደርቆ ወረቀት ውስጥ የተቀመጠ ግን አሥርተ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። በወረቀትና በፌስታል መካከል ያለችው ልዩነት አንድን መዝገብ ልታድን ወይም ልትገድል ትችላለች ስል እያጋነንኩ አይደለም።

አሁን ስለ ብክለት፣ እዚህ ላይ የራሴን ላውራ። ፒሲአር ማለት የዲኤንኤ ፎቶ ኮፒ ማሽን በሉት፣ በየዙሩ እጥፍ ያደርጋል፣ 30 ዙር ከሄደ በቲዎሪ አንዷ ቅንጣት ከቢሊዮን በላይ ትሆናለች። ስለዚህ ሁሌ ሥራ ስንጀምር አንዱ ቲዩብ ውስጥ ዲኤንኤ ሳይሆን ንጹህ ውሃ እንከታለን፣ ምንም መውጣት የለበትም፣ ከወጣ የሆነ ቦታ ቆሽሿል ማለት ነው። አንድ ቀን ማታ ጄሉን (የተባዛው ዲኤንኤ መስመር ሆኖ የሚታይበትን) ዩቪ መብራት ላይ ሳስቀምጠው ውሃው ጋ ደማቅ መስመር በራብኝ። ደነገጥኩ፣ ደገምኩ፣ አሁንም በራ። ፒፔቱን ቀየርኩ፣ ውሃውን ቀየርኩ፣ በመጨረሻ የራሴን የጉንጭ ናሙና አጠገቡ ብሰራው ቁጭ፣ ራሴው ነኝ! ስሠራ ማስኩን አገጬ ላይ አውርጄ ስልክ አወራ ነበር። የሦስት ሳምንት ሥራ ቆሻሻ ውስጥ ገባ፣ የኔ ሥራ የሰው ሕይወት ስላልነበረበት ነው እንጂ። እና የምትጠይቁት ይሄ ነው፣ የውሃው ቲዩብ ባዶ ነበር ወይ? የመርማሪዎቹና የላብራቶሪ ሠራተኞቹ ፕሮፋይል ተወስዶ ተነጻጽሯል ወይ? ይሄን የማይመልስ ሪፖርት ቁጥሩ ምንም ያህል ቢያምር አልወደውም።

የጀርመኑን ደግሞ ስሙ። ከ1993 ጀምሮ ጀርመን፣ ኦስትሪያና ፈረንሳይ ውስጥ ወደ 40 የሚሆን የወንጀል ቦታ ላይ የአንዲት ሴት ዲኤንኤ እየተገኘ ነበር፣ ግድያ አለ፣ ሌብነት አለ፣ በ2007 ሃይልብሮን የምትባል ከተማ ውስጥ አንዲት ወጣት ፖሊስ ስትገደልም እዛው ተገኘች፣ 300,000 ዩሮ ወሮታ ተቆረጠላት፣ «ጥላዋ ሴት» ምናምን ተብላ አገር አመሰች። በ2009 የተቃጠለ የወንድ አስከሬን ለመለየት ብለው ሰውየው ዱሮ የሞላው የጥገኝነት ማመልከቻ ላይ ያለውን የጣት አሻራ ሲመረምሩ የሷ ዲኤንኤ ወጣ፣ ሴት! ያኔ ነው የነቁት። ለካ ናሙና የሚወስዱበት ጥጥ ፋብሪካው ውስጥ ስታሽግ የነበረች ሠራተኛ ናት፣ ምስኪን። ጥጡ «ስቴራይል» ነበር እኮ፣ ግን ስቴራይል ማለት ጀርም ሞቷል ማለት ነው፣ ዲኤንኤ ጠፍቷል ማለት አይደለም። ያቺን ፖሊስ የገደሉት ማን እንደሆኑ ፍንጩ በ2011 በሌላ መንገድ ነው የወጣው።

የተቀላቀለ ናሙና ሌላው ጣጣ ነው። አንድ ትሪ በየአይነቱ አምስት ሆናችሁ በላችሁ እንበል፣ ተበልቶ ካለቀ በኋላ አንድ ሰው መጥቶ የቀረችውን ፍርፋሪ እያየ ማን ማን እንደበላ ንገሩኝ ቢል? ሁለት ሰው ከሆኑ ይቻላል፣ አራት ሲሆኑ ግን ቁጥሮቹ ተደራርበው ከአንዱ ግማሽ ከሌላው ግማሽ እየተወሰደ እዛ ያልነበረ ሰው እንኳ «ይገባል» ሊባል ይችላል። የአሜሪካ መንግሥት የመለኪያና ደረጃ ተቋም በ2013 ለ108 ላብራቶሪዎች አንድ ዓይነት የፈተና ናሙና ሰጥቷቸው ነበር፣ ከባዱ ቅልቅል ላይ 74ቱ ናሙናው ውስጥ ጭራሽ የሌለን ሰው አለበት አሉ። አሁን በኮምፒውተር የሚተነትኑበት ሶፍትዌር ስላለ ነገሩ ተሻሽሏል፣ ግን የዱሮ ሪፖርት ከሆነ የያዛችሁት በየትኛው ዘዴ እንደተተነተነ ጠይቁ።

ከዛ ቁጥሩ ይመጣል፣ ሰውን የሚያስደነግጠው። «ይሄ ፕሮፋይል የሚገኘው ከሚሊዮን ሰው አንዱ ላይ ነው» ሲባል ጓደኛዬን ጨምሮ አብዛኛው ሰው የሚሰማው «ጥፋተኛ የመሆኑ ዕድል ሚሊዮን ለአንድ ነው» ተብሎ ነው። ኧረ በፍጹም! አዲስ አበባ 4 ሚሊዮን ሰው አላት ብንል እዚችው ከተማ 4 ሰው አለ ማለት ነው፣ አንዱ መርካቶ ሸቀጥ ይሸጣል፣ አንዷ ካዛንቺስ ፀጉር ትሠራለች፣ ከ100 ሚሊዮን በላይ በሆነው አገር ደግሞ ከመቶ በላይ ሰው። ከነዛ ሁሉ ይሄኛው ነው ለማለት ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል። ሙሉ 20 ቦታ ከተነበበ ቁጥሩ ከዓለም ሕዝብ በላይ ስለሚሆን ይሄ ጭቅጭቅ ይቀንሳል፣ የዱሮ ናሙና ግን ብዙ ጊዜ ተበጣጥሶ ግማሹ ቦታ ነው የሚነበበው። እንግሊዝ ውስጥ በ1999 አንድ በፓርኪንሰን የታመመ፣ ልብሱን እንኳ ለመልበስ የሚቸገር ሰው ከቤቱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሰው ቤት ሰርስሮ ገብቷል ተብሎ ተያዘ፣ 6 ቦታ ላይ ገጥሟል፣ ዕድሉም ከ37 ሚሊዮን አንድ ነው ተባለ። 10 ቦታ ሲነበብ እሱ አይደለም። ወንድማማቾች ደግሞ ከባዳ ይልቅ በጣም ይቀራረባሉ፣ ከአንድ እንቁላል የወጡ ተመሳሳይ መንትያ ከሆኑማ ይሄ ምርመራ አይለያቸውም፣ ስለዚህ «ወንድም አለው ወይ» የሚለው የሞኝ ጥያቄ አይደለም።

ተጠርጣሪው መጀመሪያ እንዴት ተገኘ የሚለውም ይለያያል። በሌላ ማስረጃ ተጠርጥሮ ከዛ ዲኤንኤው ገጠመ ማለትና ሚሊዮን ሰው ያለበት ቋት ውስጥ ተፈልጎ እሱ ወጣ ማለት አንድ አይደለም። በ2018 የተያዘው የካሊፎርኒያው ገዳይ ዲአንጀሎ፣ የቀድሞ ፖሊስ፣ 13 ሰው የገደለ፣ ሲያዝ 72 ዓመቱ ነው፣ እሱን ያገኙት እኛ ሰባት ቤት በምንቆጥርበት መንገድ ነው በሉት። ሰዎች ዘመዶቻቸውን ለመፈለግ ዲኤንኤያቸውን የሚጭኑበት ጂኢዲማች የሚባል ድረ ገጽ ላይ የገዳዩን ፕሮፋይል ጭነው የሩቅ ዘመዶቹን አገኙ፣ ከነሱ ወደላይ እስከ 1800ዎቹ ቅድመ አያት ወጥተው ከዛ ወደታች የልጅ ልጅ ልጁን እየዘረዘሩ በዕድሜና በኖረበት ቦታ እያጣሩ እሱ ጋ ደረሱ። ልብ በሉ ግን፣ ዘመድ ቆጠራው ላይ ብቻ ቆመው አላሰሩትም፣ የመኪናው በር እጀታና የጣለው ሶፍት ላይ ያለውን ዲኤንኤ ወስደው ከዱሮው ናሙና ጋር በቀጥታ አነጻጸሩ። በ2020 ራሱ ጥፋተኛ ነኝ አለ። ዘመድ ቆጠራው ጥቆማ ነው፣ ማስረጃው ያኛው ቀጥታው ነው፣ ሁለቱን አታምታቱ። (በነገራችን ላይ እነዚህ ድረ ገጾች ላይ ያለው አብዛኛው ሰው ዘሩ ከአውሮፓ ነው፣ የኛ ሰው ፍለጋ ቢገባ አያቶቻችን በቃላቸው የያዙት የዘር ሐረግ ሳይሻል አይቀርም።)

የዲኤንኤ ትልቁ ጉልበቱ ግን ማሰር ላይ ሳይሆን «እሱ አይደለም» ማለት ላይ ነው ባይ ነኝ። ቁጥሩ ካልገጠመ አልገጠመም፣ ከስንት ሚሊዮን አንድ ነው የሚል ሂሳብ የለውም። የመጀመሪያው የግድያ ጉዳይ ራሱ እንደዛ ነው፣ እንግሊዝ ሌስተርሻየር ውስጥ በ1983ና በ1986 ሁለት የ15 ዓመት ልጃገረዶች ተገደሉ፣ አንድ የ17 ዓመት ልጅ የሁለተኛዋን እኔ ነኝ ብሎ አመነ፣ አሌክ ጄፍሪስ በ1984 ባገኘው ዘዴ ሲመረመር የሁለቱም ገዳይ አንድ ሰው ነው፣ ልጁ ግን አይደለም። አምኖ ነበር እኮ! ከዛ ፖሊስ ወደ 5,000 ወንድ ናሙና ሰበሰበ፣ ገዳዩ ፒችፎርክ ምን አደረገ፣ የሥራ ባልደረባውን በሱ ስም ደም እንዲሰጥለት ላከው፣ የተያዘው ባልደረባው መጠጥ ቤት ውስጥ ሲያወራ ሰው ሰምቶ ነው። በ1988 ተፈረደበት። እንግዲህ ያን ሁሉ ሳይንስ አሰማርተው በመጨረሻ የያዘው የመጠጥ ቤት ወሬ ነው፣ ይሄን ስነግረው ጓደኛዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

አጥንት ብቻ ሲገኝስ? አጥንትና ጥርስ ዲኤንኤን ረጅም ጊዜ ይይዛሉ፣ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ግን ከእናት ወደ ልጅ ብቻ የሚተላለፈው ማይቶኮንድሪያል የሚባለው ነው፣ በ1918 ከተገደሉት የሩሲያ ንጉሣውያን የንግሥቲቱንና የልጆቿን አጥንት የለዩት የንግሥቲቱ የእናት ወገን ዘመድ የሆነው የእንግሊዙ ልዑል ፊሊፕ በሰጠው ደም ነው። ይሄኛው ዓይነት የእናት ወገን ዘመድ ሁሉ ስለሚጋራው አንድን ሰው ብቻውን አይነጥልም፣ ከሌላ ነገር ጋር ነው የሚሠራው። ደግሞ የሚመልሰው ማን እንደሞተ ነው። መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ገብታችሁ ከሆነ ያን በመስታወት የተደረደረ አጥንት አይታችኋል፣ ለቤተሰብ «ይሄ ልጅሽ ነው» ማለት በራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ገዳዮቹ ላይ ግን የተፈረደው በዋነኛነት ራሳቸው በፈረሙት ሰነድና በምስክር ነው። በ2019 አውሮፕላኑ ሲወድቅም 157ቱን ሰዎች ለመለየት ዘመድ ናሙና እየሰጠ ወራት ጠብቋል፣ እንደዛ ዓይነት ሥራ ላይ ዲኤንኤን የሚተካ የለም።

ወደ ቤታችን ስንመጣ፣ ጠበቃው የነገረኝን ልጨምር። የ1954ቱ (በኛ) የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 34 የተጠርጣሪ የአካል ምርመራ የደም ምርመራን ይጨምራል ይላል፣ ማንም ለወንጀል ዲኤንኤ ባላሰበበት ዘመን የተጻፈ ነው። ሌላው ይርጋ ነው፣ ክስ ማቅረቢያው የጊዜ ገደብ ማለት ነው፣ በ1996ቱ (በኛ) የወንጀል ሕግ አንቀጽ 217 ሞት ወይም ዕድሜ ልክ ለሚያስቀጣ ወንጀል 25 ዓመት ነው፣ ተራ ለሚባለው የሰው ግድያ 20፣ ስለዚህ 30 ዓመት ያለፈው ግድያ ላይ ዲኤንኤው ቢገጥምም ክሱ ላይቆም ይችላል። እንደ ዘር ማጥፋት ያለ በሰው ልጅ ላይ የተፈጸመ ወንጀል ከሆነ ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ይርጋ የለውም። ዓመቱን ሳትቆጥሩ ቤተሰብ ተስፋ እንዳታስይዙ።

በመጨረሻ፣ እጃችሁ ላይ የሟች ልብስ ወይም ዕቃ ያለ እንደሆነ። እናቶች አውቃለሁ፣ አጥበው አጥነው ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡታል፣ እባካችሁ አታጥቡት፣ አታራግፉት፣ እያወጣችሁም አታሽትቱት (ከባድ ነው አውቃለሁ)። እርጥብ ከሆነ ፀሐይ ላይ ሳይሆን ጥላ ውስጥ ንጹህ ወረቀት ላይ ይድረቅ፣ ጓንት አድርጋችሁ እያንዳንዱን ለየብቻው ካኪ ፖስታ ውስጥ ክተቱት፣ ትልቁ ካኪ ፖስታ ጽሕፈት መሣሪያ ቤት ሁሉ አለ፣ ፌስታል በፍጹም። ፖስታውን በምራቅ አታሽጉት፣ ብዙ ሰው የሚረሳት ይቺን ነው፣ ፕላስተር ተጠቀሙ። ላዩ ላይ ምን እንደሆነ፣ መቼና ከየት እንደተገኘ፣ እስከዛሬ ማን ማን እንደነካው ስም በስም ጻፉ፣ ጎረቤትም ከነካው የጎረቤት ስም። ከዛ ለፖሊስ ስታስረክቡ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትውጡ፣ የደረሰኙንም ፎቶ አንሱ።